የጤና በጎ አድራጎት ገንዘብ በአርሲ ደጋ

ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደውን መንገድ ይዞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሳጉሬ ይደርሳል። ከተማይቱ የዲገሉና ጢጆ ወረዳ መቀመጫ ናት። በስተሰሜን ምሥራቅ የጭላሎ ተራራ ቆሞ ይታያል፤ በዙሪያዋ ያለው መሬት ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ደጋ ነው። ብርዱ የወባን ትንኝ አያስጠጋም። ደጋው ግን የራሱ ደዌ አለው። በአርሲ ገበያዎች ከመርፌና ከክር፣ ከምላጭና ከክብሪት ጎን ወረንጦ ተዘርግቶ ሲሸጥ ያየ እንግዳ ለጌጥ የሚውል ብቻ ይመስለው ይሆናል። ከገዢዎቹ መካከል ግን ትራኮማ የዓይናቸውን ቆብ ወደ ውስጥ ቀልብሶባቸው፣ ሽፋሽፍታቸው በየእርግብግቢቱ ብሌናቸውን የሚፍቅባቸው እናቶች አሉ። ወረንጦው የሚገዛው ያን ሽፋሽፍት በየሳምንቱ ለመንቀል ነው።

ለእነዚህ እናቶችና ለልጆቻቸው ጤና ሲባል ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ ተሰብስቧል። የገንዘቡ ልክ በየጊዜው በሚሊዮን እየተቆጠረ ተነግሯል፤ ሰጪዎቹም ተመስግነዋል። ይሁን እንጂ ገንዘቡን ማን እንዳዘዘበት፣ በምን መዝገብ እንደተጻፈ፣ ድርጅቱ ከሄደ በኋላም በደጋው ላይ ምን እንደቀረ መጠየቅ እንደ ውለታ ቢስነት ሲቆጠር ኖሯል። መሐንዲስ ድልድይ ሠርቶ ሲያስረክብ ስለ ልቡ ቅንነት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ብረቱና ስለ ዋጋው ነው። የጤና በጎ አድራጎትም በዚሁ ዓይነት ሚዛን ቢታይ የሚያስነውር ነገር የለውም።

የአርሲ ደጋ ከውጭ ዕርዳታ ጋር በሰፊው የተዋወቀው በጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ካዱ በሚባለው አማካይነት ነው። ካዱ የበጎ አድራጎት ማኅበር አልነበረም፤ በ1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1967) በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት መካከል በተደረገ ውል የተቋቋመ፣ ትልቁን የወጪ ድርሻ ስዊድን የሸፈነችለት የመንግሥት ድርጅት ነበር። ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ሊጠየቁ የሚገባቸውን ጥያቄ አስቀድሞ ያስነሣው እርሱ ስለሆነ ታሪኩን ከእርሱ መጀመር ይገባል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ሲሆን፣ የሥራው ክልል 10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የጭላሎ አውራጃ ነበር። ዋና ዓላማው የአነስተኛውን ገበሬ ምርትና ገቢ ማሳደግ ቢሆንም፣ ጤናና ውሃም በዕቅዱ ውስጥ ነበሩ፤ ሰው ሳይድን እርሻው አይድንምና።

በመጀመሪያው ዓመት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር የወሰዱት ገበሬዎች 189 ብቻ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቁጥራቸው 14 ሺህ ያህል ደረሰ። በማናቸውም የዕርዳታ ዘገባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢገኝ በሽፋኑ ላይ በቀይ ቀለም ይታተም ነበር። ነገር ግን ስንዴው አትራፊ መሆኑን ገበሬው ብቻ ሳይሆን ባለርስቱም አየ። ባለርስቱ ትራክተር ገዛ፤ ትራክተሩ የሚያርሰው ሰፊ መሬት አስፈለገው፤ በመሬቱ ላይ ግን ጢሰኛው ነበር። ከዚህ የተነሣ በሺህ የሚቆጠሩ የጢሰኛ ቤተሰቦች ካረሱት መሬት ተነቀሉ። ለድሃው ተብሎ የተጠና ዘር ድሃውን አፈናቀለው ማለት ነው። ስዊድናውያኑ የጢሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚወስን ሕግ እንዲወጣ ደጋግመው ጠየቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ረቂቁን ለፓርላማ አቀረበ፤ ፓርላማው ግን፣ አብዛኞቹ እንደራሴዎች ባለመሬቶች ነበሩና፣ ሳያጸድቀው ዘመኑ አለፈ። ጥያቄው መልስ ያገኘው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ካዱ በተከታታይ ቁጥር ከሚያወጣቸው ኅትመቶች አንዱ ስለ ትራክተር እርሻና ስለ ገበሬው መፈናቀል የተደረገ ጥናት ነበር፤ አጥኚው ሄኖክ ክፍሌ ነው። ድርጅቱ በራሱ ሥራ ሳቢያ የደረሰውን ጉዳት በራሱ ባለሙያ አስጠንቶ፣ በራሱ ወረቀት አትሞ አወጣው። ከዚያ ወዲህ በደጋው ላይ ባለቀለም መጽሔት ያሳተሙ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ በጎዱት ላይ የጻፈ ግን በቀላሉ አይገኝም።

የዋጋውም ነገር አለ። አገሪቱን በሙሉ በካዱ ዓይነት ለማልማት የሚያስፈልገው ገንዘብና የሠለጠነ ሰው ሲታሰብ አቅም የማይፈቅደው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1971 ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው፣ ወጪው አነስ ያለና ሥራውም በጥቂት ነገሮች የተወሰነ ፕሮግራም ተጀመረ። ለአንድ አውራጃ የሚበጅ፣ ለሁለተኛው የማይዳረስ ሥራ ናሙና እንጂ መፍትሔ እንዳልሆነ መንግሥት የተማረው በዚያ ነው። ከካዱ የቀረው ቅርስ ግን ቀላል አይደለም። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል እስከ ዛሬ የስንዴ ዘር ያወጣል፤ አሰላ ላይ ማረሻ፣ ጋሪና መውቂያ ይሞከርበት የነበረው ክፍልም ስሙ እየተለወጠ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል ሆኖ ኖሯል። ሁለቱም በኢትዮጵያውያን እጅ፣ በኢትዮጵያ በጀት የሚተዳደሩ ናቸው።

የእውነተኛው በጎ አድራጎት ዘመን የመጣው በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ነው። አርሲ የረሀቡ እምብርት አልነበረችም፤ ስንዴዋ የሌሎችን ቀዬ እስከ መመገብ ይደርስ ነበር። የረሀቡ ወሬ ግን የዓለምን አሰጣጥ ለወጠው። ኅዳር ወር ላይ በእንግሊዝ አገር አርቲስቶች የዘፈን ሸክላ አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተደረገው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ትርኢት በቴሌቪዥን ዓለምን አዳረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰጪውን ልብ የሚነካ ሥዕል ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ፤ ሥዕሉ የመጣበት አገር ሰው ግን ስለ ሥዕሉ አልተጠየቀም።

በዚያው ጊዜ የድርጅቶቹን ውስጣዊ ሐሳብ የሚፈትን ነገር ተከሠተ። መንግሥት በድርቅ የተጎዳውን ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ማስፈር ጀመረ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የፈረንሳይ ቅርንጫፍ፣ ሰፈራው በግዳጅ የሚፈጸምና ሰው የሚያልቅበት ነው፣ ዕርዳታውም ለዚሁ መሣሪያ ሆኗል ብሎ በይፋ ተናገረ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1985 ከአገር ተባረረ። ሌሎቹ ዝም ብለው ቆዩ። ለዝምታቸው የሰጡት ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ ከተናገሩ ሕመምተኛው ያለ ሐኪም ይቀራልና። ነገር ግን ሁለተኛ ምክንያትም ነበር። የተሰበሰበው ገንዘብ በኢትዮጵያ ስም የተሰበሰበ ስለሆነ በኢትዮጵያ ውስጥ ካልወጣ ለሰጪው የሚነገር ነገር አይኖርም። እነዚህ ሁለት ምክንያቶች በአንድ ልብ ውስጥ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉ፤ የትኛው እንደሚያይል ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። ለዚህም ነው የልብን ነገር ትቶ የመዝገቡን መያዝ የሚሻለው።

አርሲም ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። በ1978 ዓ.ም. ተራርቆ ይኖር የነበረው ገበሬ ቤቱን እያፈረሰ በመሥመር በተቀየሱ መንደሮች እንዲሰባሰብ ተደረገ፤ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይከተላል ተባለ። ቅያሱ በወረቀት ላይ ሲታይ የመሐንዲስ ዓይን ያስደስት ይሆናል፤ ምንጩ ከድሮው ቤት አጠገብ ቀርቶ እንስራው ግን አዲሱ መንደር ውስጥ ነበር። ስዊድናውያን፣ ገንዘባቸው በዚያው ክፍለ ሀገር ይሠራ ስለነበር፣ ጆን ኮኸንና ኒልስ ኢቫር ኢሳክሶን የተባሉ ሁለት አጥኚዎችን ልከው የአርሲን የመንደር ምሥረታ አስጠኑ፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። የካዱ ልማድ በዚህ መጠን እንኳ ገና አልጠፋም ነበር።

አሁን ወደ ወረንጦው ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ የኢትዮጵያ ልጆች 40.1 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኘባቸው። በአማራ ክልል 62.6፣ በኦሮሚያ 41.3 በመቶ ነበር። በሽታው በዝንብ፣ በጣትና በጨርቅ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ደጋግሞ የያዘው ዓይን ቆቡ ይጠባሳል፤ በመጨረሻም ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው መከላከያ አራት ክንድ አለው፦ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕና፣ እንዲሁም የውሃና የመጸዳጃ አቅርቦት።

ከአራቱ ክንዶች መድኃኒቱ ባለጸጋ ወዳጅ አገኘ። ፋይዘር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ኩባንያ፣ ኤድና ማኮኔል ክላርክ ከተባለው ተቋም ጋር ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓለም አቀፍ የትራኮማ ድርጅት አቋቋመ፤ ዚትሮማክስ በሚል ስም የሚሸጠውን አዚትሮማይሲን በነፃ መስጠት ጀመረ። እስከ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች የተሰጠው ከ1 ቢሊዮን የሕክምና መጠን በላይ ነው። ከተቀባዮቹም ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ናት። በዘመቻው ቀን መለኪያ ዘንግ ይቆማል፤ ሰው በቁመቱ ተለክቶ በዘንጉ ላይ በተመለከተው ቁጥር ልክ ክኒን ይሰጠዋል፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይቀባል። ሚዛን አያስፈልግ፣ ሐኪም አያስፈልግ። ብልኀቱ የሚያስቀና ነው።

የሰጪው ጥቅም ምንድን ነው ለሚል ጠያቂ አንድ የታወቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ ለሕሙማን፣ ለችግረኞችና ለሕፃናት የሚውል ምርቱን ለበጎ አድራጎት የሰጠ ኩባንያ ከማምረቻ ዋጋው በላይ፣ እስከ እጥፉ ድረስ፣ ከግብር ላይ እንዲቀነስለት ይፈቅዳል። ሕጉ ለአንድ ኩባንያ የወጣ አይደለም፤ ለሁሉም ነው፤ ነውርም የለበትም። ነገር ግን ስጦታው የአሜሪካ ግብር ከፋይ ድርሻ ያለበት መሆኑን የሚገልጽ ምልክት በክኒኑ ብልቃጥ ላይ አይገኝም። ከዚህም ሌላ የዚትሮማክስ የፈጠራ መብት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 አብቅቶ፣ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በርካሽ ማምረት ጀምረዋል።

ከመነሻ ሐሳቡ ይልቅ የመዝገቡ ነገር ይከፋል። በነፃ የተገኘ መድኃኒት በበጎ አድራጊው ድርጅት መዝገብ ላይ በገበያ ዋጋ ገቢ ሆኖ ይጻፋል፤ ሲታደል ደግሞ በዚያው ዋጋ ለዓላማው የወጣ ወጪ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል አንድ ድርጅት 5 ሚሊዮን ብር ጥሬ ገንዘብ ቢኖረውና ከዚህ ውስጥ 2.5 ሚሊዮኑን ለቢሮ ኪራይ፣ ለኃላፊዎች ደመወዝና ለማስታወቂያ ቢያወጣ፣ ከሰጪው ብር ግማሹ ቢሮ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን 45 ሚሊዮን ብር ተብሎ የተገመተ ክኒን በመዝገቡ ላይ ቢጨመር፣ ያው 2.5 ሚሊዮን ከጠቅላላው 5 በመቶ ብቻ ይሆናል። ድርጅቱም ከመቶው ብር 95ቱን በቀጥታ ለድሃው አደርሳለሁ ብሎ ማስታወቂያ ሊያወጣ ይችላል። ይህ በወረቀት ላይ የተፈጠረ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ የአሜሪካ ጋዜጦች ስለ ትል መድኃኒት በጻፉ ጊዜ፣ በዓለም ገበያ በሁለት ሳንቲም የሚገዛ የሜቤንዳዞል ክኒን በአንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች መዝገብ ከ10 ዶላር በላይ ተገምቶ መገኘቱ ይፋ ሆኗል። ለአንድ ክኒን ማለት ነው።

በሳጉሬ ቀበሌዎች ክኒኑን ቤት ለቤት የምታዳርሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዟ የሚከፈለው ከመንግሥት ነው። የጤና ኤክስቴንሽኑ ፕሮግራም ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እየመደበ የተስፋፋ የአገሪቱ የራሷ ሥራ ነው። እንግዲህ ሠራተኛዋ የመንግሥት፣ ጤና ኬላው የሕዝብ፣ መጋዘኑ የወረዳው ሆኖ፣ በዘገባው ላይ ግን ትልቁ ቁጥር የክኒኑ ዋጋ ይሆናል። የእርሷ እግር የተጓዘበት ኪሎ ሜትር በማንም መዝገብ ውስጥ የለም።

የቀዶ ጥገናውም አቆጣጠር ከዚህ አይሻልም። ቆቡ የተቀለበሰውን ዓይን ማቅናት በሠለጠነ ነርስ እጅ በአጭር ጊዜ የሚፈጸም ሥራ ነው፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 700 ሺህ የሚጠጋ የተከማቸ ሕመምተኛ ለማዳረስ ልዩ ዘመቻ ጀምሮ ነበር። ድርጅቶቹ ለሰጪዎቻቸው የሚያቀርቡት የተቀደደውን ዓይን ቁጥር ነው። ሽፋሽፍቱ ተመልሶ የሚያድግባቸው ሕመምተኞች ግን በየጥናቱ ከ10 በመቶ ጀምሮ፣ በቆይታ ብዛት ከግማሽ በላይ እስከ መድረስ ታይተዋል። ሁለተኛ ጊዜ ወረንጦ ለመግዛት የተመለሰችው እናት በየትኛው አምድ እንደምትጻፍ ዘገባዎቹ አያሳዩም። ኮንትራክተር የሠራው ግድግዳ በዓመቱ ቢሰነጠቅ ከዋስትና ገንዘቡ ይቆረጥበታል፤ በበጎ አድራጎት ሥራ የዋስትና ገንዘብ የሚባል ነገር የለም።

ይህን ሁሉ ያነበበ መሐንዲስ፣ እንግዲያስ ክኒኑን ትቶ ውሃ ማስገባት ነው መፍትሔው ለማለት ይቸኩል ይሆናል። እውነቱ ግን ለኩራቱ አይመችም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገው ታና የተባለው የመስክ ጥናት እንዳሳየው አዚትሮማይሲን የትራኮማን ተሕዋስ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያም አልፎ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሞቱት ልጆች ካልታደለባቸው ግማሽ ያህል ሆነው ተገኙ። ይህ ስለ ክኒኑ ሊነገር የሚገባው ትልቅ ምስጋና ነው። በሌላ በኩል በዋግ ኽምራ በ40 የጥናት ቀበሌዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውኃ የተባለው ጥናት፣ ውሃ፣ መጸዳጃና የንጽሕና ትምህርት በገቡባቸውና ባልገቡባቸው ሰፈሮች መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ የዓይኑን ተሕዋስ በመቀነስ ረገድ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ክኒን ብቻ የሚሰጠውን ድርጅት መውቀስ ቀላል አይደለም። ክኒኑ ሲቋረጥ በሽታው እንደሚመለስ ግን ከጎንቻው ጥናት በኋላ በተደረገው ክትትል ታይቷል፤ ይህም ማለት ሰጪው በየዓመቱ መመለስ አለበት፣ ተቀባዩም በየዓመቱ መጠበቅ አለበት ማለት ነው።

ውሃ ደግሞ የሚፈለገው ለትራኮማ ብቻ አይደለም። ይህን ለማየት ከአሰላ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሂጦሳ ወረዳ መውረድ ይበቃል። ዋተር ኤይድ እ.ኤ.አ. በ1981 የእንግሊዝ የውሃ መሥሪያ ቤቶች ያቋቋሙት በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። በእርሱ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ውስጥ ከባዳ ተራራ ምንጮች ተስቦ 140 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቧንቧ ተዘረጋ፤ 3 ትንንሽ ከተሞችና 28 የገበሬ ማኅበራት፣ በጠቅላላው ከ60 ሺህ የማያንስ ሕዝብ ውሃ አገኘ። ውሃው የሚወርደው በስበት ነው፤ ፓምፕ የለ፣ ናፍጣ የለ። የሥራው ሐሳብ ቀላል ቢመስልም ከተራራው እስከ ሜዳው ያለው የከፍታ ልዩነት ቧንቧ የሚያፈነዳ ግፊት ስለሚፈጥር፣ በየመካከሉ ግፊቱን የሚሰብሩ ጋኖች ማስቀመጥና የእያንዳንዱን መንደር ድርሻ አስቀድሞ ማስላት የግድ ነው፤ አለዚያ ታችኛው ሲጠጣ ላይኛው ይጠማል።

ከቧንቧው ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን ቦኖ ላይ የሚሰበሰበው ሳንቲም ነው። በጎ አድራጎት ነው ተብሎ ውሃው በነፃ አልታደለም። ተጠቃሚው ይከፍላል፤ የተከፈለው ገንዘብ ለቦኖ ጠባቂው፣ ለጥገና ሠራተኛውና ለመለዋወጫው ይውላል፤ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ከየመንደሩ የተመረጠ ሰው ያለበት አካል ነው። ስለዚህ ሂጦሳ ውስጥ የውሃው ሒሳብ የተሳሳተ እንደሆነ ጠያቂው ለንደን ያለው ሰጪ ሳይሆን ባልዲዋን ይዛ የመጣችው ሴት ናት። ለከፈለችው ሳንቲም መልስ የመጠየቅ መብት አላት። ለክኒኑ ያልከፈለችው የሳጉሬ እናት ይህ መብት የላትም፤ በነፃ የተሰጣትን ነገር ዋጋ ማን ይነግራታል?

ሂጦሳ ሰማያዊ ምሳሌ ነው ማለትም አይደለም። ማናቸውም ቧንቧ የሚቀየሰው ለተወሰነ ዘመንና ለተገመተ ሕዝብ ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ሕዝቡም ሲበዛ መስፋት አለበት። በጎ አድራጊዎች ደግሞ ሪባን የሚቆረጥለትን አዲስ ሥራ ይወዳሉ እንጂ የዛገ ቫልቭ ለመለወጥ ገንዘብ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

መንግሥት በበኩሉ የድርጅቶቹን ወጪ በሕግ ለመገደብ ሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ማንኛውም ድርጅት ከወጪው ከ70 በመቶ የማያንሰውን ለዓላማው፣ ከ30 በመቶ የማይበልጠውን ለአስተዳደር እንዲያውል ደነገገ። ሐሳቡ ሕዝብን ያስደሰተ ነበር፤ በአዳማ ሆቴሎች ውስጥ ስለሚከፈለው የሥልጠና ውሎ አበልና ስለ ነጫጮቹ ላንድ ክሩዘሮች ያልሰማ ሰው አልነበረምና። ሆኖም አስተዳደር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በሥራው ላይ የዋለው መመሪያ መጓጓዣን፣ ሥልጠናንና ክትትልን በአስተዳደር ወጪ ውስጥ እየጨመረ ነው ብለው ድርጅቶቹ አጥብቀው ተሟገቱ። በዚህ ረገድ ክርክራቸው ውሃ የሚያነሣ ነው። አንዲት መኪና ክኒን ጭና በክረምት ጭቃ ከአሰላ ሳጉሬ፣ ከሳጉሬም ወደ ተራራው ግርጌ ቀበሌዎች ስትወጣ የምታቃጥለው ናፍጣ አስተዳደር ከተባለ፣ ለዓላማው የዋለ የሚባለው በመጋዘን የተቀመጠው ክኒን ብቻ ሊሆን ነው። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሽሮ፣ የአስተዳደር ወጪን ትርጉም አጥብቦ፣ ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ አወረደው። የሒሳቡ ዘገባ አሁንም የሚቀርበው አዲስ አበባ ላለው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው። ሥራው በተሠራበት ቀበሌ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ በጤና ኬላው በር ላይ ይለጠፍ የሚል ድንጋጌ በሁለቱም አዋጆች ውስጥ የለም። ካዱ ከ50 ዓመት በፊት ያሳተማቸው ዘገባዎችም ለባለሙያ እንጂ ለገበሬው አልነበሩም፤ ቢሆንም አሰላ ውስጥ ነበሩ።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት አገደ። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች ሥራቸው እንዲቋረጥ የጤና ሚኒስቴር ለክልሎች አስታወቀ። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት ዩኤስኤይድ የተባለው ድርጅት ራሱ ተዘጋ። የታገደው የመንግሥት ገንዘብ እንጂ የኩባንያ ስጦታ አልነበረም፤ አዚትሮማይሲኑ የሚሰጠው በአምራቹ ነውና። በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል ድንገት ባለቤት ያጣው የሥልጠናው፣ የክትትሉ፣ የማጓጓዣውና የነዳጁ ወጪ ነበር፤ ይኸውም ለሃያ ዓመት ያህል በየዘገባው ግርጌ በትንሽ ፊደል፣ አስተዳደርና ልዩ ልዩ በሚል ርእስ ሲጻፍ የኖረው ነው።